ቤትን ቤት የሚያሰኘው ምንድን ነው?



ውድ አንባቢያን፣ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቤት መልቀቅ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ኪራይ ሲጨመርበት ይለቃል፤ አንዱ ሰፈሩ ለልማት ሲፈለግ ይነሣል፤ አንዱ ደግሞ ዕጣ ወጥቶለት ዘመድ አዝማድ ወደማያውቀው ዳርቻ ይገባል። ስለ ኪራዩ ዋጋ፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ጭነት መኪናው ብዙ ይወራል። ዕቃው ገብቶ፣ መኪናው ሄዶ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ስለሚመጣው ነገር ግን የሚያወራ ጥቂት ነው። ሰው ቁልፍ በእጁ ይዞ ቤት የለኝም የሚልበት ጊዜ አለ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ስለዚህ ለመናገር ነው። ለሌላው ምክር ከመስጠቴ በፊት ግን የራሴን ጥፋት ልናገር።

እኛ አምና ከመርካቶ ወጣን። እናቴ ከአንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከአርባ ዓመት በላይ ኖራለች። እኔም የተወለድኩት፣ ቁርኣን የቀራሁት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስክመረቅ ያደግሁት እዚያው ነው። የግቢው ባለቤት ሲሞቱ ወራሾቹ ቦታውን ለመሸጥ ተስማሙ። በቂ ጊዜ ሰጥተውናልና አላህ ይስጣቸው እንጂ ቅሬታ የለኝም። ከብዙ ፍለጋ በኋላ በከተማዋ ዳርቻ ከሚገኝ የኮንዶሚኒየም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራየን። ውላችን የሁለት ዓመት ነው። የገባነው አምስት ነን፤ እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኔ።

በገባን ሳምንት የሁላችንም ዕቃ ቦታ ቦታውን ያዘ። የእናቴ ጓዝ ብቻ አልተፈታም። ጋቢዋን፣ ብርድ ልብሷን፣ ጀበናዋንና ሲኒዎቿን በአንድ ትልቅ አንሶላ ቋጥራ ከአልጋዋ ራስጌ አኑራዋለች። ወር አለፈ፤ ቋጠሮው እንደ ነበረ ነው። «ለምን አትፈቺውም?» ስላት «ለሁለት ዓመት ምኑን እፈታዋለሁ ልጄ? ነገ መልሼ ልቋጥረው?» ትለኛለች። በመርካቶ አዛኑ አልጋዋ ድረስ ይመጣላት ነበር። እዚህ መስጊዱ ሩቅ በመሆኑ ለሱብሒ የሚቀሰቅሳት የእኔ ስልክ ሆነ። አንድ ቀን «ስልኩ ሰዓቱን ይነግረኛል እንጂ አይጠራኝም» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

ዕቃ ያልሞላው ጉድለት

የመጀመሪያው ጥፋቴ ጉድለቱን በዕቃ ልሞላ መሞከሬ ነው። ቤቱ የቀዘቀዘብን ባዶ ስለ ሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። ከጓደኛዬ ተበድሬ ሶፋ ገዛሁ። ከጣሪያ እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃ አሰፋሁ። ልጆቹ ሶፋው ላይ ሁለት ቀን ዘለሉበት፤ በሦስተኛው ቀን ረሱት። እናቴም «ያምራል፣ አላህ ይባርክልህ» አለችና ተመልሳ ከቋጠሮዋ አጠገብ ተቀመጠች። ለእኔ የቀረኝ ዕዳው ነው።

ሙስሊም ቤቱን ማሳመሩ፣ ማጽዳቱ አልተጠላም። ዳሩ ግን ልክ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ መኝታ ሲያስተምሩ አንዱ ለባል፣ አንዱ ለሚስት፣ ሦስተኛው ለእንግዳ እንደ ሆነ ገልጸው አራተኛውን ለሸይጧን የሰጡበት ሐዲስ በሙስሊም ዘገባ ይገኛል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በበሩ ላይ ያማረ ጨርቅ ሰቅላ ባገኟት ጊዜም አላህ ድንጋይና ጭቃ እንድናለብስ እንዳላዘዘን ነግረዋታል። መጋረጃዬን እያየሁ ይህን ሐዲስ ሳስታውስ አፈርኩ።

ለመሆኑ የእርሳቸው ቤት ምን ይመስል ነበር? ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነው። ሐሰን አልበስሪ በልጅነታቸው ወደነዚያ ክፍሎች ሲገቡ ጣሪያውን በእጃቸው ይነኩት እንደ ነበር ተናግረዋል። ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሌሊት ሲሰግዱ ሱጁድ የሚያደርጉበት ቦታ እንዲያገኙ እግሯን ትሰበስብ እንደ ነበር አውርታለች። በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ የነበረውን እርጋታ ዛሬ በሰፊ ሳሎን የምናጣው ለምንድን ነው? አላህ (ሱ.ወ.) በነሕል ምዕራፍ ከጸጋዎቹ አንዱ አድርጎ የቆጠረልን ቤታችንን መርጊያ ማድረጉን ነው። እርጋታው የእርሱ ስጦታ ከሆነ ደግሞ ከዕቃ መደብር የሚገዛ አይደለም ማለት ነው።

ደም ወይስ ዱዓ?

ሁለተኛው ጥፋቴ ከዚህ የከበደ ነው። የእናቴ የድሮ ጓደኞች ሊጠይቋት መጡ። ቅሬታዋን ሲሰሙ አንዷ «ቤቱ ደም አልፈሰሰበትም፤ ባለቤቶቹ አልተቀበሉሽም፤ ደፉ ላይ ዶሮ ይታረድበት» አለቻት። «ባለቤቶቹ» ስትል አከራያችንን ማለቷ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳል። ማታ እናቴ ነገሩን አንሥታ ስታማክረኝ በቁጣ ተነሣሁ። ሽርክ ነው፣ ጃሂሊያ ነው፣ በዚህ ዕድሜሽ እንዴት እንዲህ ታስቢያለሽ ብዬ ልጆቿ ልጆች ፊት ጮህኩባት። ምንም አልመለሰችም። ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች። ከዚያ ቀን በኋላም ስለ ቤቱ አንድም ቃል አልተናገረችም።

በፍርዱ አልተሳሳትኩም። ለጂን ተብሎ ደፍ ላይ ደም ማፍሰስ በእስልምና ቦታ የለውም። ዓሊ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ከአላህ ሌላ ለሆነ አካል የሚያርድ ሰው የተረገመ መሆኑ ተነግሯል። የተሳሳትኩት በምላሴ ነው። አላህ ለወላጆቻችን «ኤጭ» እንኳ እንዳንል አዞ ሳለ እኔ እውነትን ይዤ እናቴን አስለቀስኩ።

ደግሞ ሌላ ስሕተት አለ። ሐራሙን ስነጥቃት ሐላሉን አልሰጠኋትም። ሰው ወደ አዲስ ቦታ ሲገባ መፍራቱ፣ ልቡ መሸበሩ ተፈጥሮ ነው። እስልምና ይህን ፍርሃት አልካደውም፤ መድኃኒቱን ሰጥቶታል። ኸውላ ቢንት ሐኪም (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ሰማችው፣ በአንድ ቦታ ያረፈ ሰው ከፍጥረቱ ክፋት በአላህ ምሉእ ቃላት ከተጠበቀ ከዚያ ቦታ እስኪነሣ ድረስ ምንም አይጎዳውም። ይህቺ አጭር ዱዓ ናት። ዶሮ አትጠይቅም፤ ገንዘብ አትጠይቅም። ሰው ቤቱ ሲገባና ሲበላ የአላህን ስም ካወሳ ሸይጧን ማደሪያም ራትም አጣሁ ብሎ ተስፋ እንደሚቆርጥም በሐዲስ ተነግሮናል። እነዚህን አስተምሬያት ቢሆን ኖሮ የጓደኛዋ ምክር ራሱ ተኖ ይጠፋ ነበር። እኛ የተማርን ነን የምንል ልጆች ብዙ ጊዜ የእናቶቻችንን ምርኩዝ ወርውረን ባዶ እጃቸውን እንተዋቸዋለን።

ውሃው የመጣ ሌሊት

በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አንድ ሌሊት ከቀናት ጥፋት በኋላ መጣ። የኩሽናው ቧንቧ ውሃ በጠፋበት ሰዓት ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሯል። ያልዘጋሁት እኔ ነበርኩ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በራችን ተንኳኳ። ስነሣ ወለሉ ባሕር ሆኗል። በሩ ላይ የቆመችው ከበታቻችን ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ናት። በሁለት ወር ውስጥ በደረጃ ስንተላለፍ ሰላም ከመባባል በቀር ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። «በጣሪያችን ውሃ እየወረደ ነው፤ የልጄ ፍራሽ ራሰ» አለች።

እኔስ ምን አልኩ? «ይህ የሕንፃው ችግር ነው፤ የሠሩትን ሰዎች ይጠይቁ» አልኳት። አዎን፣ ወለሉ ውሃ መያዝ ነበረበት። ቧንቧውን ክፍት የተውኩት ግን እኔ ነበርኩ። ሴትዮዋ እንባዋ መጣ።

በዚህ መካከል እናቴ ከክፍሏ ወጣች። «ዞር በል ልጄ» አለችኝ። ተመልሳ ገባችና ያንን ለሁለት ወር ሳይፈታ የቆየ ቋጠሮ ፈታችው። ጀበናውን አልጋዋ ላይ አስቀመጠች፤ ጋቢዋን በትከሻዋ ጣለች፤ ዕቃው የተቋጠረበትን አንሶላና ብርድ ልብሷን በእጇ ይዛ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች በጨለማው ደረጃ ወረደች። ባለቤቴ የእኛን ወለል ስትጠርግ እኔ እናቴን ተከትዬ ወረድኩ። አንሶላውንና ብርድ ልብሱን መሬት ላይ አንጥፈን፣ እየጠመቅን ውሃውን አወጣን። ጋቢው ልጁን አለበሰ። ስንመለስ ለሱብሒ ጥቂት ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን አንሶላውን አጥባ፣ ጋቢውን አጣጥፋ፣ ትኩስ ዳቦ ይዛ ወጣች። እናቴን «እማማ» አለቻት። እናቴ ጀበናዋን ጣደች። ጊዜው የክርስቲያኖች የዐቢይ ጾም ነበርና እናቴ የምስር ሳምቡሳ በዘይት ጠብሳ አቀረበችላት። «ሥጋችን ባይገናኝ ምስራችን ይገናኛል» ብላ ሁለቱም ሳቁ። እናቴ በዚያ ቤት ውስጥ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ወርጄ ሴትዮዋን ከነባለቤቷ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ጣሪያውን አስቀባሁ፤ ፍራሹን ተካሁ። የሰው ሐቅ በኢስቲግፋር ብቻ እንደማይወርድ፣ ለባለቤቱ መመለስ እንዳለበት ዑለማዎቻችን ሲያስተምሩ ኖረዋልና።

መዲና እንዴት ቤት ሆነች?

በዚያ ሌሊት አንድ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በ622 እ.ኤ.አ. ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ በመጀመሪያ በቁባእ ዐረፉ። ከዚያ መዲና ሲገቡ የግመላቸውን ልጓም የያዘ ሁሉ «ከእኔ ዘንድ ይረፉ» ይል ነበር። ግመሏ የተንበረከከችው በአቡ አዩብ አል አንሷሪ (ረ.ዐ.) ቤት አቅራቢያ ነው። ቤቱ ባለ ፎቅ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጠያቂ ስለሚበዛባቸው ምድር ቤቱን መረጡ፤ አቡ አዩብና ባለቤታቸው ከላይ ሆኑ። አንድ ቀን ላይ ያለው የውሃ እንስራ ተሰበረ። ባልና ሚስቱ ውሃው በነቢዩ ላይ እንዳይንጠባጠብ በመፍራት ሌላ የሌላቸውን አንድ ብርድ ልብስ አንሥተው አደረቁት። በኋላም ከነቢዩ በላይ መኖር ስለ ከበዳቸው ለምነው ወደ ላይ አዛወሯቸው።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ስለ ነቢዩ ፍቅር ሲነገር እንጂ ስለ ፎቅ ኑሮ ይነገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አቡ አዩብ ያደረጉት ለአላህ መልእክተኛ ነው፤ እኔ ዘንድ የመጣችው ተራ ጎረቤት ናት የሚል ካለ ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ አደራ ከማለቱ የተነሣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ መድረሳቸውን ያስታውስ። ጎረቤት ሲባልም ሙስሊሙ ብቻ አይደለም። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ.) ቤታቸው በግ በታረደ ጊዜ በመጀመሪያ የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁት ወይ ብለው ነው።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ ይህን ከሌላው በበለጠ ሊረዳ ይገባዋል። በ615 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ሃይማኖቱን፣ ቋንቋውን፣ ዘመዱን በማያውቁበት አገር ገቡ። ከእነርሱ ከፊሎቹ እስከ 7ኛው ዓመተ ሒጅራ ድረስ ኖረዋል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ያንን ዘመን ስታወራ የምታነሣው ስለ ቤታቸው ስፋት ወይም ጥበት አይደለም። ከነጃሺ ዘንድ መልካም ጉርብትና ማግኘታቸውን፣ በሃይማኖታቸው መታመናቸውንና ሳይነኩ አላህን ማምለካቸውን ነው። ባዕድ አገር ቤት የሆነላቸው በዚህ ነበር።

ከመዲናው ታሪክ ልቤን የነካኝ ሌላም ነገር አለ። ሙሃጂሮቹ መዲና ገብተው ወንድማማች ቢደረጉም፣ አንሳሮች ቤታቸውን ቢያካፍሏቸውም መካን አልረሱም። አቡ በክርና ቢላል (ረ.ዐ.) በትኩሳት ታመው ሳለ፣ ያ በመካ በረሃ ድንጋይ የተጫነበት ሐበሻዊው ቢላል የመካን ሸለቆ፣ ሣሯንና ተራሮቿን እያነሣ በናፍቆት ያንጎራጉር ነበር። ያሠቃየችውን ከተማ! ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ይህን ለነቢዩ ነገረቻቸው። ኢማንህ ደከመ ብለው አልገሠጹትም። እጃቸውን ወደ አላህ አንሥተው መዲናን እንደ መካ ወይም ከዚያ በበለጠ እንዲያስወድዳቸው ለመኑላቸው።

አየህ አንባቢ ሆይ፣ እኔ እናቴን በናፍቆቷ ስቆጣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለናፋቂዎቹ ዱዓ ያደርጉ ነበር። አዲስ ቤት የሚወደደው አሮጌውን በመጥላት አይደለም። ከአርባ ዓመት ሰፈሯ የተነቀለችን እናት «እርሺው» ማለት ግፍ ነው። «አላህ ይህንንም ያስወድድሽ» ማለት ግን ሱና ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቤት የምንቀይር ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ከልምዴ የተማርኩትን በአጭሩ ላካፍላችሁ። አዲሱን ቤት ስትገቡ ከዕቃው በፊት የአላህን ስምና ሰላምታን አስገቡ። በኑር ምዕራፍ ቤት ስንገባ ሰላምታ እንድናቀርብ ታዘናል። ከዚያ የቤቱን አንድ ጥግ መስገጃ አድርጉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤታችንን እንደ መቃብር እንዳናደርገው አስጠንቅቀዋል፤ ከፈርድ ውጪ ያለውን ሶላትም በቤት መስገድን አወድሰዋል። እኛ ዘንድ በመስኮቱ አጠገብ የእናቴን መስገጃ አነጠፍን። ልጆቹ ከመግሪብ በኋላ እዚያ ተቀምጠው ይቀራሉ። ያልነበረው ድምፅ ወደ ቤቱ መግባት የጀመረው በዚህ ነው።

ከዚያ ጎረቤትን እወቁ፤ የላዩንም፣ የታቹንም፣ የጎኑንም። ችግር እስኪያንኳኳ አትጠብቁ። በግቢ ስንኖር ቡናው ራሱ ያገናኘን ነበር። በኮንዶሚኒየም ግን በሩ ብረት ነው፤ ካላንኳኳነው አይከፈትም። አቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሾርባ ሲሠሩ ውሃውን አብዝተው ለጎረቤት እንዲያካፍሉ ታዘዋል። ውሃ ጨምር ነው የተባለው እንጂ ሥጋ ጨምር አልተባለም። ስለዚህ «ያለኝ ትንሽ ነው» የሚል ምክንያት አይሠራም። በሌሊት ሙቀጫ አትውቀጡ። ልጆች ሲዘሉ ከበታቻችሁ ሰው እንዳለ ንገሯቸው። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧችሁን ዝጉ። ይህም የዲን ጉዳይ ነው።

መስጊድ ከራቀ ደግሞ ሙስሊም ቤተሰቦች ይፈላለጉ። በእኛ ብሎክ ብቻ ሰባት ሙስሊም አባወራዎች ኖረናል፤ ሳንተዋወቅ። ዛሬ ለዒሻ ተጠራርተን በጀማዓ እንሰግዳለን፤ ጁሙዓ ደግሞ በአንድ መኪና ወደ መስጊድ እንሄዳለን። እናቴም በሳምንት አንድ ቀን ከእኛ ጋር መርካቶ ወርዳ ወዳጆቿን ጠይቃ ትመለሳለች። ያቺ ዶሮ ይታረድ ያለች ጓደኛዋም ቤታችን መጥታ የኸውላን ዱዓ ከልጄ ጋር ተምራ ሄዳለች።

ውላችን ሊያልቅ ወራት ናቸው የቀሩት። አከራያችን ያድስልን አያድስልን አላህ ያውቃል። ባለፈው ሳምንት እናቴ በረንዳው ላይ በቆርቆሮ አፈር ሞልታ ጤና አዳም ስትተክል አየኋት። እኔም ቀልድ መስሎኝ የራሷን ቃል መለስኩላት፤ «ለወራት ምን አስተከለሽ?» አልኳት። «ቂያማ እንኳ ቢቆም በእጅህ ያለውን ችግኝ ትከል ተብሎ የለም እንዴ? ባንኖር የሚመጣው ለቡናው ይቆርጠዋል» አለችኝ። አነስ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትን ሐዲስ ማለቷ ነው። ያልተማረች እያልኩ የቆጣኋት እናቴ አስተማረችኝ።

በእርግጥ ይህ ዓለም ራሱ የኪራይ ቤት ነው። ውሉ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም። ቢሆንም ውሉ አጭር ነው ተብሎ ጓዝ ተቋጥሮ አይኖርም። በተሰጠን ቀን ሰላም እየተባባልን፣ እየሰገድን፣ የጎረቤትን ሐቅ እየጠበቅን እንኖርበታለን።

አላህ ቤት ለተቀየረበት ሁሉ አዲሱን ቤት የእርጋታና የበረካ ያድርግለት። ቤት ላጣው ቤት ይስጠው። ወላጆቻችንን በትዕግሥት የምንይዝ ልጆች ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።